የሕዝብ መረጃን ይዞ የአካባቢን የአእምሮ ጤና አገልግሎት ማቀድ እንዴት ይቻላል?

የጤና ተቋም መዝገብ የሚናገረው ስለ መጣው ሰው እንጂ ቤቱ ስለ ቀረው አይደለም። የአእምሮ ሕመም ደግሞ ብዙዎችን በቤት ስለሚያስቀር፣ አምና በመጡት ታካሚዎች ቁጥር ላይ ብቻ የተመሠረተ ዕቅድ አብዛኛውን ሕመምተኛ ሳያይ ያልፋል። ስለዚህ ስሌቱ ከነዋሪው ሕዝብ መነሣት አለበት።

መጀመሪያ አገልግሎቱ የሚሸፍነውን አካባቢ ወሰን ይለዩና የነዋሪውን ቁጥር በዕድሜና በጾታ ከፋፍለው ያስቀምጡ። የሕዝብ ቆጠራው ከቆየ፣ ከዚያ ወዲህ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የገባውንና የወጣውን አስበው ያስተካክሉት። ከአእምሮ ሕመሞች ሲሶ ያህሉ ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት ስለሚጀምሩ፣ ልጆችና ወጣቶች የበዙበት አካባቢ ትምህርት ቤት ድረስ የሚዘልቅ አገልግሎት ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ የሕመሙን ስርጭት ከሕዝቡ ቁጥር ጋር ያስሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 እንደገለጸው ከ222 አዋቂዎች አንዱ ስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ድምፅ እንደ መስማት ባሉ ምልክቶች የሚታወቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) አለበት፤ 60,000 አዋቂዎች በሚኖሩበት አካባቢ ይህ ወደ 270 ሰው ይመጣል። ይህ ግምት በመሆኑ በአካባቢው የተደረገ አስተማማኝ ጥናት ካለ እሱ ይቅደም። ጦርነት ባለፈበት ቦታ ደግሞ ድባቴንና ጭንቀትን ጨምሮ ከአምስት ሰው አንዱ የአእምሮ ሕመም እንደሚኖርበት ስለሚገመት፣ የሰላም ጊዜ ቁጥር እዚያ አይሠራም።

ከዚያ ግምቱን ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩ። ብዙ ዕቅድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ መዝገቡ የሚቆጥረው ሰውን ሳይሆን ምልልስን ነውና። በየወሩ መድኃኒቷን ልትወስድ የምትመጣ አንዲት ታካሚ በዓመት 12 መስመር ትይዛለች፤ 480 መስመር የተጻፈበት መዝገብ የ40 ሰዎች ብቻ ሊሆን ይችላል። በካርድ ቁጥር እየለዩ ሰውን መቁጠር አድካሚ ቢሆንም ሊዘለል አይገባም። ከ270ው 40 ብቻ ከተገኙ፣ የቀሩት 230 የት እንዳሉ መዝገቡን በመንደር ከፍሎ መፈለግ ያስፈልጋል። ከአንድ መንደር ማንም ካልመጣ እዚያ ሕመምተኛ የለም ማለት አይደለም፤ የመንገዱ ርቀት፣ ክፍያው ወይም የሰው ዓይን ይዟቸው ሊሆን ስለሚችል፣ ቤተሰቦችንና ቤት ለቤት የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎችን ይጠይቁ።

አሁን ቁጥሩን ወደ ሥራ ይለውጡት። 270 ሰው በየወሩ ይታይ ከተባለ በዓመት 3,240 ምልልስ ይሆናል፤ በቀን 10 ሰው እያየ 220 ቀን የሚሠራ አንድ ባለሙያ ግን ከ2,200 አያልፍም። ሁለተኛ ባለሙያ የሚጠየቀው፣ መድኃኒቱም የሚታዘዘው በዚህ ስሌት ነው። አቅም ካነሰ በመጀመሪያው ዓመት ግማሹን ለመድረስ ማቀድ ነውር የለውም፤ ያልተደረሰው ግማሽ ግን በዕቅዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ሪፖርቱ ሲወጣ በአንድ መንደር ሁለት ወይም ሦስት ታካሚ ብቻ ካለ ቁጥሩን ከጎረቤት መንደር ጋር ይደምሩት፤ አለዚያ ጎረቤት ማን እንደሆነ በቀላሉ ያውቃል። በዓመቱ መጨረሻም በዚያው በካርድ ቁጥር እንደገና ይቁጠሩ፤ አዲስ የመጡትን ብቻ ሳይሆን ክትትል ያቋረጡትንም ለይተው።