«ለምን?» አትበሉ፣ ወረቀቱን ጠይቁ፦ ከጤና ተቋም መረጃ ሲጠየቅ የሚሠሩ ስህተቶች

በአንድ የጤና ተቋም ውስጥ ከሕዝብ የሚመጡ የመረጃ ጥያቄዎችን ስከፍትና ስመልስ ዓመታት ቆይቻለሁ። አሁን ወንበሩን ለቅቄ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጫለሁ። እኔም ጠያቂ ሆኛለሁ። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «እምቢ አሉኝ» ብሎ ለአንድ ሆስፒታል የላከውን የመረጃ ጥያቄ ደብዳቤ አሳየኝ። አነበብኩት። እኔም ብሆን የምሰጠው ነገር አልነበረኝም።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «ሆስፒታሉ መድኃኒት እያለቀበት ሕመምተኛ ሲንገላታ አመራሩ ለምን ዝም ይላል? ተጠያቂው ማን ነው? መቼ ነው የሚስተካከለው?»

ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ለስብሰባ ይሆናሉ፣ ለጋዜጣዊ መግለጫም ይሆናሉ። ለመረጃ ጥያቄ ግን አይሆኑም። ይህን ስህተት ያየሁበትን ጊዜ ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ።

መረጃ የማግኘት ሕግ በብዙ አገር የሚሰጠው መብት ተቋሙ በእጁ ያለውን ነገር የማግኘት መብት ነው። የተጻፈ፣ የተመዘገበ፣ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ነገር። ኃላፊው ቁጭ ብሎ እንዲያብራራላችሁ የማስገደድ መብት አይደለም። የመረጃ ሠራተኛው መዝገብ ቤት ቢገባ «ለምን» የሚል ፋይል አያገኝም። ስለዚህ «የተጠየቀው መረጃ በተቋሙ የለም» ብሎ ይጽፋል። አልዋሸም። እናንተ ደግሞ ደበቁኝ ብላችሁ ትናደዳላችሁ። እሱ ፋይሉን ዘግቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እመኑኝ፣ እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣልኝ ቀኔ ይቀልልኝ ነበር።

ያንኑ ንዴት ወደ ወረቀት ቀይሩት። ባለፉት 3 ወራት በመድኃኒት መጋዘኑ የክምችት መዝገብ ላይ ያለቁ መድኃኒቶች ዝርዝር፣ እያንዳንዱ ስንት ቀን እንዳልነበረ፣ ለአቅራቢዎች የግዥ ትዕዛዝ የተላከበት ቀን፣ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ። እነዚህ ሁሉ መዝገብ አላቸው። ትዕዛዙ የተላከው መጋዘኑ ባዶ ከሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሆነ፣ የ«ለምን» መልስ ራሱ ወረቀቱ ላይ ተቀምጧል።

የብሪታንያ የመረጃ ነፃነት ሕግ እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ሥራ ላይ ሲውል የዘ ጋርዲያን ጋዜጠኞች የልብ ቀዶ ሐኪሞችን ውጤት ጠይቀው ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። መጥፎው ሐኪም ማን ነው አላሉም። የሟቾችን ቁጥር በየሐኪሙ ጠየቁ።

አንድ ብልሃት ልጨምር፤ ይህን የነገረኝ ሰው የለም፣ ሥራው ላይ ነው የገባኝ። ተቋሙ ምን እንደሚመዘግብ ካላወቃችሁ መጀመሪያ ባዶውን ቅጽ ጠይቁ። የመዝገቡን የዓምዶች ስም ብቻ። ባዶ ቅጽ የማንም ምስጢር የለበትም፤ ለመከልከል ሰበብ የሚያገኝ ሰው አላየሁም። ቅጹን ካያችሁ በኋላ ሁለተኛው ደብዳቤያችሁ የውስጥ ሰው የጻፈው ይመስላል።

ሌላው በሽታ «ሁሉንም» ነው። ሁሉንም ኢሜይል፣ ሁሉንም ሰነድ፣ ካለፉት 10 ዓመታት ጀምሮ። አንድ ጎበዝ ተማሪ ስለ ኢንፌክሽን መከላከል የተጻጻፍነውን በሙሉ ጠየቀ። ኢሜይሎቹን ፈልገን ቆጠርን፤ በሺዎች ሆኑ። እያንዳንዱን ከፍቶ የታካሚ ስም እንዳለበት ማየት ያስፈልጋል። ጊዜውን አስልተን ከልክ በላይ ነው አልን። ልጁ የሚፈልገው ለካ የአንድ ዓመት የእጅ ንጽሕና ቁጥጥር ውጤት ነበር። ሁለት ገጽ ነው! ቢነግረን በሁለት ቀን ይደርሰው ነበር። ደውለን ልንጠይቀውም ይገባ ነበር፤ አልደወልንም። ይህ የኛ ጥፋት ነው።

ይህ ልክ ብዙ ቦታ በሕግ የተቀመጠ ነው። በእንግሊዝ አንድ ሆስፒታል መረጃውን ፈልጎ ለማውጣት ከ18 ሰዓት በላይ ሥራ የሚጠይቅ ከሆነ እምቢ ማለት ይችላል። ጥያቄውን ቆራርጣችሁ በየቀኑ ብትልኩም አያዋጣም። ተመሳሳይ ጥያቄዎች በ60 የሥራ ቀናት ውስጥ ከመጡ ደምረው እንደ አንድ ሊቆጥሯቸው ይፈቀድላቸዋል።

የራስን የሕክምና ካርድ በዚህ መንገድ አትጠይቁ። ይሄ ሌላ በር ነው። በመረጃ ነፃነት ሕግ የሚወጣ ነገር ለእናንተ ሲሰጥ ለዓለም ሁሉ እንደተሰጠ ይቆጠራል። የራሳችሁ ካርድ ደግሞ ለዓለም ሁሉ አይሆንም። እሱን የምታገኙት በግል መረጃ ወይም በታካሚ መብት ሕግ ነው። ካርዱን ለመስጠት ተቋማቱ በአውሮፓ አንድ ወር፣ በአሜሪካ 30 ቀን ይሰጣቸዋል። የሟች ዘመድ ካርድም እንደየአገሩ የራሱ ደንብ አለው። ይህን የማያውቁ ሐዘንተኞች ሁለቱን አምታተው ሲጽፉልኝ ነበር። እነሱ ላይ መቆጣት አልችልም።

ቁጥር ስትጠይቁ በጣም አታጥብቡት። ትንሽ የገጠር ቀበሌ፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ብርቅ በሽታ፣ የ7 ዓመት ሴት ልጅ ብትሉ መልሱ «1» ይሆናል። ያቺን ልጅ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃታል። ስሟን ባትጽፉም ስሟን አውጥታችኋል። ብዙ የጤና ተቋማት ከ5 በታች የሆነ ቁጥር የማያወጡት ለዚህ ነው።

የዚህ ክርክር ትልቁ ምሳሌ ከስኮትላንድ ነው። በደምፍሪስ እና ጋሎዌይ አካባቢ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ስንቱ በሉኪሚያ እንደታመሙ በየዓመቱና በየትንሿ የሕዝብ ቆጠራ ክፍል ተጠየቀ። መረጃውን የያዘው የጤና አገልግሎቱ ኤጀንሲ ቁጥሮቹ በጣም ትንንሽ ስለሆኑ ልጆቹ ይታወቃሉ ብሎ እምቢ አለ። የተከለከሉ ሰዎችን አቤቱታ የሚያየው የመረጃ ኮሚሽነር ደግሞ አንዳንዱ ትንሽ ቁጥር በአንድ ከፍና ዝቅ ተደርጎ ተደበላልቆ ይሰጥ አለ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2008 ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት እስከነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ደረሰ፤ እሱም ከተደበላለቀ በኋላስ ልጆቹ ይታወቃሉ ወይ የሚለው እንደገና ይታይ ብሎ ወደ ኮሚሽነሩ መለሰው። ዓመታት ነው የፈጀው።

እናንተ ዓመታት የላችሁም። አምስት ዓመት በአንድ ላይ ደምሩ፣ ወይም ቀበሌውን ወደ ወረዳ ወይም ወደ ዞን አስፉ፣ ዕድሜውን በአንድ ቁጥር ሳይሆን «ከዚህ እስከዚህ ዓመት» ብላችሁ አስፉት። ደብዳቤው ላይም «ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ‹ከ5 በታች› ብላችሁ ጻፉልኝ» ብላችሁ ጨምሩ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ እምቢታ ታስቀራለች።

አጫጭሮቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

ለምን እንደምትፈልጉት አትተርኩ። የሕንድ የመረጃ መብት ሕግ (እ.ኤ.አ. 2005) ጠያቂ ምክንያት እንዲሰጥ አይገደድም ብሎ በግልጽ ጽፎታል። ሁለት ገጽ የሕይወት ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ጥያቄውን ለማግኘት የምቸገርበት ቀን ነበር።

ድረ ገጹንና ዓመታዊ ሪፖርቱን ሳታዩ አትጻፉ።

ትክክለኛውን ቤት አንኳኩ። የአልጋና የሠራተኛ ቁጥር ሆስፒታሉ ጋ አለ፣ የጅምላ ግዥ ውል ግን ሚኒስቴሩ ወይም የግዥ ድርጅቱ ጋ ሊሆን ይችላል።

ሰንጠረዥ ከሆነ በኤክሴል ላኩልኝ በሉ። ካላላችሁ ስካን የተደረገ፣ ጠመም ያለ ፒዲኤፍ ይደርሳችኋል። አንዳንድ ሠራተኛ ኤክሴል ሲባል የሚፈራው ግን በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ ለመረጃ ጥያቄ በላከው ፋይል ውስጥ ተደብቆ የቀረ ገጽ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሠራተኞቹን ስም አጋልጧል። የጤና ተቋም ቢሆን ኖሮ እዚያ ገጽ ላይ የሚገኘው የታካሚ ስም ሊሆን ይችል ነበር።

በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ እንዳይነበብ በጥቁር የተሸፈነ መስመር ስታዩ ወረቀቱን አትወርውሩ። ከተሸፈነው አጠገብ የቀረውን አንብቡ። ቀን፣ የሥራ ክፍልና የገንዘብ መጠን ብዙ ጊዜ ሳይሸፈኑ ይቀራሉ።

አሁን የራሴን ላውራ። ወንበሩን ከለቀቅኩ በኋላ የላክሁት የመጀመሪያ ጥያቄ ግማሹ ተከለከለ። ምክንያቱ ደካማ ነበር፤ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ጽፌው ስለማውቅ ድክመቱን አውቃለሁ። ግን ተናደድኩና ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። «እነዚህ ሰዎች» እያልኩ ስንት ሳምንት አወራሁ። በኋላ ይግባኝ ልበል ብዬ ሳነሳው ቀኑ አልፏል። በሙያዬ ለሌላው የምመክረውን ለራሴ ረሳሁት።

ስለዚህ ደብዳቤ የላካችሁበትን ቀን የሆነ ቦታ ጻፉት። የእንግሊዝ ሕግ ለመመለስ 20 የሥራ ቀን ይሰጣል። የሕንዱ 30 ቀን ነው፤ የሰው ሕይወት ወይም ነፃነት የሚነካ ከሆነ ግን 48 ሰዓት። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 590/2000ም 30 ቀን ነው። ቀኑ አልፎ ዝም ካሏችሁ ዝምታው ራሱ እንደ እምቢታ ሊቆጠር ይችላል። ይግባኙ በቅድሚያ ወደ ተቋሙ ኃላፊ፣ ከዚያም እንደየአገሩ ወደ መረጃ ኮሚሽነር ወይም ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። ይግባኙ ላይም ስድብ ሳይሆን የትኛው መስመር፣ በየትኛው አንቀጽ እንደተከለከለ ጻፉ።

ወዳጄ ደብዳቤውን እንደገና ጽፎታል። አራት መስመር ነው። «አመራሩ» የምትለዋን ቃል እንዲያወጣት ለመንኩት፤ እሷን ብቻ አላወጣም። ከላከው ዛሬ 11ኛ ቀኑ ነው።