የዘረመል ውጤትህ «ኤክስ ኤክስ» ካለህ ምን ታደርጋለህ?

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የምሠራው ቨርጂኒያ ነው። ሚያዝያ ካለፈ በኋላ በሬን የሚያንኳኩት ለጁላዩ የሐበሻ የኳስ ውድድር የሚዘጋጁ ልጆች ናቸው። ልጆች ስል ብዙዎቹ 35ን አልፈዋል። ሳምንቱን መሪ ጨብጠው ወይም ኮምፒውተር ላይ ተተክለው ይውላሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን በ20 ዓመታቸው እንደሮጡት መሮጥ ያምራቸዋል።

ሰሞኑን ጭናቸውን ይዘው ሲመጡ ስልካቸውንም ይደግኑብኛል። ምራቃቸውን በፖስታ ልከው ያገኙት የዘረመል ውጤት ነው። «እየው እስቲ ወንድሜ፣ ኤክስ ኤክስ ይላል። በቃ ጡንቻዬ አይረባም ማለት ነው?»

ኧረ ተረጋጋ። መጀመሪያ አነባበቡን እንይ።

ኤሲቲኤን 3 የሚለውን መስመር ፈልግ። ይህ ዘረመል አልፋ-አክቲኒን-3 የሚባል ፕሮቲን ያሠራል። ፕሮቲኑ ያለው ፈጣን በሚባሉት የጡንቻ ክሮች ውስጥ ነው፤ ስትፈተለክና ስትዘል የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ከአባትህ አንድ፣ ከእናትህ አንድ ቅጂ ወርሰሃል። አር የሚሠራው ነው፣ ኤክስ የማይሠራው። ሁለቱም ኤክስ ከሆኑ ፕሮቲኑ ጭራሽ የለህም። በሽታ አይደለም፤ በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 11 በመቶ ያህሉ ኤክስ ኤክስ ነበሩ፤ ከኬንያውያን ደግሞ 1 በመቶ ገደማ። ያው ጥናት ዘረመሉን ከረጅም ርቀት ሯጮቻችን ብቃት ጋር የሚያገናኘው ነገር አላገኘም።

ጉዳት ላይ ግን ትንሽ ወሬ አለው። ጡንቻ በጣም የሚጎዳው እየተለጠጠ ሲይዝ ነው። ቁልቁል ስትሮጥ፣ ከሩጫ ድንገት ስትቆም፣ ኳስ መትተህ እግርህ ወደ ፊት ሲወረወር፣ የጭንህ የኋላ ጡንቻ ፍሬን ይይዛል። አልፋ-አክቲኒን-3 የጡንቻውን ክሮች አጥብቆ የሚያስር ስለሆነ፣ እሱ የሌለው ሰው ከእንዲህ ዓይነት ልምምድ በኋላ የበለጠ ሊታመም እንደሚችል በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። ኳስ ተጫዋቾች ላይ ተሠርተው ኤክስ ኤክሶች የበለጠ ይጎዳሉ ያሉ አሉ፤ ልዩነት ያላዩም አሉ። ስለዚህ ነገሩ ዝንባሌ ነው፤ ፍርድ አይደለም።

ከታች ኮል 1 ኤ 1 ወይም ኮል 5 ኤ 1 የሚል ካየህ፣ እሱ የሚያወራው ስለ ጅማት ነው። ለጡንቻህ አትጨነቅበት።

አሁን ስልኩን አስቀምጠውና ሌላ ጥያቄ መልስልኝ። ይኸው ጡንቻ ከዚህ በፊት ተቀድዶ ያውቃል? ዕድሜህስ? የብርዱን ወራት ተኝተህ ከርመህ በአንድ ሳምንት ሦስት ጨዋታ ልትጫወት ነው? ያለፈ ጉዳትን የሚያህል አስጠንቃቂ የለም። አር አር ሆኖ አምና የተቀደደበት ልጅ፣ ምንም ነክቶት ከማያውቅ ኤክስ ኤክስ በላይ ያሳስበኛል።

ፊደልህ ምንም ይሁን፣ የምሰጥህ ሥራ አንድ ነው፤ ኖርዲክ ይባላል። ጉልበትህ ሥር ፎጣ አንጥፈህ ተንበርከክ። ጓደኛህ ቁርጭምጭሚትህን መሬት ላይ ይጫንልህ። ከጉልበት እስከ ትከሻ ቀጥ ብለህ በጣም ቀስ እያልክ ወደ ፊት ውደቅ፤ መያዝ ሲያቅትህ በእጅህ መሬቱን ተቀበለውና ገፍተህ ተመለስ። ወገብህን አትጠፍ፤ ሁሉም የሚያጭበረብሩት እዚያ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ 5 ጊዜ ሁለት ዙር። በሁለተኛው ሁለት ቀን፣ 6 ጊዜ ሁለት ዙር። ከሦስተኛው ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሦስት ሦስት ዙር እያደረግህ ቁጥሩን ቀስ በቀስ እስከ 10 እና 12 አድርሰው። ሙሉው 10 ሳምንት ይፈጃል፤ ለጁላይ ከፈለግህ ኤፕሪል ላይ መጀመር አለብህ። ከልምምድ በኋላ ሥራው እንጂ በፊት አይሁን። ይህን የሚሠሩ ቡድኖች ላይ የኋላ ጭን ጉዳት በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶች ሲደመሩ ታይቷል። የትኛውም የምራቅ ምርመራ እንዲህ አያደርግልህም።

ለኤክስ ኤክሱ የምጨምረው ትንሽ ነገር ነው። በሁለት ከባድ የፍጥነት ልምምዶች መካከል ሁለት ሦስት ቀን አሳርፈዋለሁ። ጭማሪውንም አዘገየዋለሁ። ሩጫ ግን አልከለክለውም፤ በሳምንት አንዴ ወደ ሙሉ ፍጥነቱ ያልተጠጋ ጡንቻ ጨዋታ ላይ ድንገት ሲጠየቅ ነው የሚቀደደው።

ልጃቸውን አስመርምረው ስፖርት ሊመርጡለት የሚፈልጉ ወላጆችም ይደውሉልኛል። እባካችሁ ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2015 የዘርፉ ባለሙያዎች በጋራ ባወጡት መግለጫ ምርመራው ተሰጥኦ ለመለየት አይሆንም ብለዋል። ልጁን ያስደሰተው ስፖርት ይበቃዋል።

ሜዳ ላይ ጭንህ ውስጥ «ጧ» ሲል ከተሰማህ፣ በማግስቱ ከጠቆረ ወይም ሳታነክስ መራመድ ካቃተህ፣ አትሸውና አትለጥጠው። ጨዋታውን አቁምና ሐኪም ይየው።