ሰባት ሌሊት ውሃ ላይ፦ አትላንቲክን በመርከብ ስታቋርጡ ቀኑን እንዴት መልክ ማስያዝ ይቻላል?

ከእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን እስከ ኒውዮርክ ኩዊን ሜሪ 2 በምትባለው መርከብ ሰባት ሌሊት ይፈጃል። በአውሮፕላን ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። በመንገድ ላይ ወደብ የለም፣ የሚጎበኝ ከተማም የለም። ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጡ ውሃ፣ ማታም ያው ውሃ። ይህን ጊዜ መልክ ካስያዛችሁት በሕይወታችሁ ከምታገኙት ዕረፍት ሁሉ የሚጣፍጥ ነው። ካላስያዛችሁት ግን በሦስተኛው ቀን ይጨንቃችኋል።

1. ካቢን ስትይዙ ከመሃል ያዙ

ማዕበል ሲመጣ የመርከቡ ጫፎች ብድግ ቁጭ ይላሉ፤ መሃሉ ግን ብዙም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ከርዝመቱ መካከል፣ ዝቅ ካለው ፎቅ ምረጡ። የኩዊን ሜሪ 2 ርዝመት 345 ሜትር ነው። የተሠራችውም ለሰሜን አትላንቲክ ነው። ከጎንና ከጎኗ የሚዘረጉ ክንፎችም ውዝዋዜውን ይቀንሱላታል። ቢሆንም ባሕሩ ሲቆጣ ይሰማችኋል። ቁም ሳጥን ውስጥ የተሰቀለው ልብስ ሁሉ አንድ ላይ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ቆየት ብሎ ወደ ቀኝ ይመለሳል፤ መስቀያዎቹም በጨለማ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። የመጀመሪያ ሌሊት ያስደነግጣል። ከዚያ ይለመዳል።

የማቅለሽለሽ መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው ከመታመማችሁ በፊት ሲወሰድ ነው። ፋርማሲ ጠይቃችሁ ያዙ። ሆዳችሁን ባዶ አታድርጉ፤ ደረቅ ብስኩትና ዝንጅብል ብዙ ሰው ይረዳል። ሲብስባችሁ ካቢን ውስጥ አትተኙ። ወጥታችሁ አድማሱን ተመልከቱ።

2. ወረቀትና ሻንጣ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ሳትይዙ አያሳፍሯችሁም። በባሕር መምጣት ነገሩን አያቀልም። ልብስ አታብዙ፤ መርከቧ ላይ በነፃ የምታጥቡበትና የምትተኩሱበት ክፍል አለ። ግን የክታችሁን ያዙ፣ በጉዞው መካከል ደመቅ ያለ አለባበስ የሚጠየቅባቸው ምሽቶች አሉ። የሀገር ባህል ልብስም ይፈቀዳል። ጥልፍ ቀሚስ እዚያ አዳራሽ ውስጥ እንዴት እንደሚያምር!

3. የአደጋ ልምምዱን ቁም ነገር አድርጉት

የአደጋ ጥሪው ሰባት አጭር ጩኸት፣ ከዚያ አንድ ረጅም ነው። ይህን ስትሰሙ የት እንደምትሄዱ ቀድማችሁ እወቁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለች የመንገደኞች መርከብ ጣሊያን ጠረፍ ላይ ከዓለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰው ሞቷል። በዚያው ቀን ከተሳፈሩት ብዙዎቹ ገና ልምምዱን አላደረጉም ነበር። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ከካቢን እስከ መሰብሰቢያው ያለውን መንገድ በእግራችሁ አብራችሁ ሂዱበት።

4. ሰዓታችሁን ማታ ማታ አስተካክሉ

በለንደንና በኒውዮርክ መካከል የአምስት ሰዓት ልዩነት አለ። ወደ ምዕራብ ስትሄዱ መርከቧ ከሰባቱ ሌሊት በአምስቱ ሰዓቷን አንድ አንድ ሰዓት ወደኋላ ትመልሳለች። ቀኑ 25 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ያለ ጄት ላግ፣ ማለትም የሰዓት ልዩነት ከሚያመጣው ድካምና የእንቅልፍ መዛባት ነፃ ሆናችሁ የምትደርሱት በዚህ ነው። ወደ ምሥራቅ ከሆነ ግን ቀኑ ያጥራል። ስለዚህ ምርጫ ካላችሁ ወደ ምዕራብ ተጓዙ ባይ ነኝ።

ስልካችሁን ከመነሻው ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። የመርከቧን ኔትወርክ ከያዘ ሂሳቡ አንጀት ያቃጥላል። እንዲህ ሲሆን ስልኩ ሰዓቱን በራሱ ላያስተካክል ይችላል፣ እናንተ አስተካክሉት። በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት ያላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

5. ቀኑን በሦስት ችንካር አስሩት

የዚህ ሁሉ ዋናው ይሄ ነው። ጠዋት በእግር ሂዱ። ሰባተኛው ፎቅ ላይ መርከቧን ዙሪያውን የሚያስኬድ መንገድ አለ፤ ሦስት ዙር 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሁለተኛው ቀን ሰላም የሚላችሁ ሰው ታገኛላችሁ፣ በአራተኛው አብሯችሁ ይዞራል።

ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ከመርከቧ ማዘዣ ክፍል የድምፅ ማስታወቂያ ይመጣል፦ የት እንዳላችሁ፣ የነፋሱ ጉልበት፣ ከሥራችሁ ያለው የውሃ ጥልቀት። አንዳንድ ቀን ከ4000 ሜትር በላይ ነው። ሰው ማንኪያውን አስቀምጦ ያዳምጣል። ትንሽ ካርታ ያዙና በየቀኑ ነጥብ ምልክት አድርጉ፤ ልጆች በጣም ይወዱታል።

9 ሰዓት ተኩል ሻይ ነው። ነጭ ጓንት ያጠለቁ አስተናጋጆች ይቀዳሉ፣ ሙዚቃ ይጫወታል። ያላወቃችሁት ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ቡና ላይ ወሬ የለመደ ሰው እዚህ አይቸገርም። የቀረውን ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ፣ ንግግሮቹና ከዋክብት የሚታዩበት ፕላኔታሪየም ይሞሉታል። ሁሉንም ለማየት ግን አትሩጡ።

6. ምግብ፣ ጾምና ሳሙና

የምትጾሙ ከሆነ ትኬት ስትቆርጡ ንገሩ፣ የመጀመሪያው እራት ላይ ደግማችሁ ለአስተናጋጁ ንገሩ። ቀላሉ ቃል «ቬጋን» ነው፤ ሥጋም፣ ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም የለውም። የረቡዕና የዓርቡን ከዋዜማው እዘዙ። እጃችሁን በሳሙናና በውሃ ታጠቡ። መርከብ ላይ የሚዛመተውን የኖሮ ቫይረስ ተቅማጥና ትውከት የአልኮል ጄል በደንብ አያቆመውም።

7. የመጨረሻውን ጠዋት እንዳትተኙበት

ጎህ ሳይቀድ ተነሱና ወደ ላይኛው ፎቅ ውጡ። ነፋሱ ይቆርጣል፤ ጋቢ ካላችሁ ደርቡ። ከፊት በኒውዮርክ ወደብ መግቢያ ላይ ያለው የቬራዛኖ ድልድይ መብራት ተሰልፎ ይታያል። የመርከቧ ጭስ ማውጫ ጥቂት ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ከሥሩ ያልፋል፤ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ትንፋሹን ይውጣል። ቀጥሎ በግራ በኩል፣ ገና በጨለማው ውስጥ፣ የነፃነት ሐውልት ችቦ ብቅ ይላል።