ልጅ በከባድ ወንጀል ሲያዝ፦ ከዋሱ በፊት ዕድሜው

ባሕር ዳር ጠበቃ ነኝ። ልጁ የታሰረበት ወላጅ ቢሮዬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ዋሱ ስንት ብር ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን ዕድሜውን ነው የምጠይቀው።

ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ላለው የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 172 አለለት። ወዲያው በአቅራቢያው ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ጉዳዩ ከተቀጠረ ወይም ወደ በላይ ፍርድ ቤት ከተላለፈ፣ ልጁ ለወላጅ፣ ለአሳዳጊ ወይም ለዘመድ ይሰጣል። ክሱ ግድያ ቢሆንም ያው ነው። ስለዚህ «በዋስ ይለቀቅልን» ሳይሆን «በአንቀጽ 172 ይሰጠን» በሉ።

ፖሊስ ብዙ ጊዜ ዕድሜን በቁመት ገምቶ ይጽፋል። አንድ ረዘም ያለ ልጅ «18» ተብሎ ቀረበ። እናቱ የክትባት ካርዱን በፌስታል ጠቅልላ አመጣች። ጥጉን አይጥ በልቶታል፣ የልደቱ ቀን ግን ይነበባል። ዳኛው ወደ መስኮቱ አስጠግተው አገላብጠው አዩት። ልጁ ገና 14 ነበር፤ ለአያቱ ተሰጠ። የክትባት ካርድ ከሌለ የክርስትና ካርድ ወይም የአንደኛ ክፍል መዝገብ ፈልጉ። የአጥንት ራጅ ግምት ነው፤ ወረቀት እያለ ወደዚያ አትሩጡ። የሚቆጠረው ደግሞ ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው።

ልጁ 15 ካለፈው ዋስትናው እንደ አዋቂ በዚያው ሕግ አንቀጽ 63 ይታያል። ክሱ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሆኖ ሰው ከሞተ፣ ወይም ተጎጂው ሊሞት ይችላል ከተባለ፣ ዋስትና የለም። በዱላ ጠብ የተያዘ ከሆነ ግን ተጎጂው ከአደጋ መውጣቱን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ይቅረብ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚለውጠው እሱ ነው።

አንቀጽ 63 ባይከለክልም ዳኛው በአንቀጽ 67 ዋስትና የሚነፍጉት ልጁ ይጠፋል፣ ሌላ ጥፋት ያጠፋል ወይም ምስክር ያባብላል ብለው ነው። መልሳችሁ በእጃችሁ ይሁን። ጠቡ ሰፈር ውስጥ ከነበረ፣ ለምሳሌ ከሰፈሩ ርቆ ዘጌ አክስቱ ጋ ይቀመጣል በሉ፤ በቀጠሮው ቀን ማን ይዞት እንደሚመጣም በጽሑፍ አቅርቡ።

ዋስትናው ከተከለከለ ይግባኝ የሚባለው በ20 ቀን ውስጥ ነው። እስከዚያው ከአዋቂ እስረኛ ተለይቶ እንዲቀመጥ አመልክቱ። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌላችሁ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ስትሄዱ ካርዱን እንዳትረሱ፤ ኮፒውን ስጡ፣ ዋናው እናንተ ጋ ይቅር።