የኩላሊት ጠጠራችሁ ከየት እንደመጣ ለማወቅ፦ ከአንድ የጂቡቲ መስመር ሹፌር

ሕመሙ የያዘኝ ገዋኔን አልፌ ወደ ሚሌ ስጠጋ ነው። መጀመሪያ ቀኝ ጎኔን ወጋ አደረገኝ። ከዚያ ወደ ብሽሽቴ ወረደ። መኪናውን ዳር አስይዤ ጎማው ሥር ቁጭ ብል፣ ብነሳ፣ ጋደም ብል የሚመች ነገር ጠፋ። ረዳቴ «ወገብህን ብርድ መቶህ ነው» አለኝ። አፋር ላይ! በዚያ ሐሩር!

ሰመራ ላይ አልትራሳውንድ ተነሳሁ፤ 4 ሚሊ ሜትር ጠጠር። ቤት ስገባ ደግሞ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። ጎረቤታችን «ጤፉ ውስጥ ያለው አሸዋ ነው» አሉ። የተዋጠ አሸዋ ግን በአንጀት አልፎ ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ኩላሊት አይደርስም። ጠጠሩ የሚሠራው እዚያው ሽንት ውስጥ ነው። ሻይ ላይ ስኳር ሲበዛ ታች ይዘቅጥ የለ? ሽንት ውስጥም ካልሲየም፣ ኦክሳሌትና ዩሪክ አሲድ ሟሙተው አሉ። ውኃው ሲያንስ ወይም እነሱ ሲበዙ ይጋገራሉ። ስለዚህ ራሳችሁን የምትጠይቁት ሁለት ነገር ነው፦ ውኃው ለምን አነሰ? የቀረውስ ለምን በዛ?

ውኃውን ለማወቅ ሽንታችሁን ለኩት። እኔ ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አዘጋጀሁ። ጠዋት 12 ሰዓት የመጀመሪያውን ሽንት ደፋሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ የማግስቱን የ12 ሰዓት ሽንት ጨምሮ፣ አጠራቀምኩ። ሁለተኛው ሃይላንድ አልተነካም፤ የመጀመሪያውም ግማሽ ላይ ቀረ። መልኩ ጠጅ ነው። ሐኪሜ የሚፈልገው 2 ሊትር ተኩል ገደማ ነበር።

እኔ እኮ እጠጣ ነበር። ግን ጋቢናው ውስጥ የጠጣሁትን ላብ ይወስደዋል። እውነቱን ልናገርና፣ ሽንት እየመጣ እንዳያስቆመኝ ብዬ ሆን ብዬም እቀንስ ነበር። የመስመር ሹፌር የሆነ ሰው ይሄ ይገባዋል።

ከዚያ የሦስት ቀን ምግባችሁን ሳትደብቁ ጻፉት። እኔ የጻፍኩት ሁዳዴ ላይ ስለነበር ብዙ ነገር አሳየኝ። ውኃ የምቀምሰው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። ገበታው ላይ ቆስጣና ቀይ ሥር አለ፤ መንገድ ላይ ኦቾሎኒ እቆረጥማለሁ፤ ማታ ሦስት ብርጭቆ ወፍራም ሻይ። እነዚህ ሁሉ ኦክሳሌት አላቸው፤ ቆስጣ በተለይ በጣም ብዙ። በፍስክ ቀን ከወተት ወይም ከአይብ ጋር ቢበሉ ካልሲየሙ ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይይዘውና አብሮት ይወጣል። በጾም ያ የለም። ጾሙን ጥፋተኛ አላደርገውም፤ ጥፋቱ የኔ አበላል ነው። አሁን ቆስጣ የሚሠራው ተቀቅሎ ውኃው ተደፍቶ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥቅል ጎመን ተክቶታል። የንስሐ አባቴንም አማከርኩ፤ «ውኃህን ጠጣ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። «ጠጠሩ ካልሲየም ነው» ሲባል ወተት ያቆማል። ተገላቢጦሽ ነው! ከምግብ ጋር የሚገባ ካልሲየም ይጠቅማል። የካልሲየም ክኒን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ሐኪም ይወስን።

ጨውን አትርሱ። ኩላሊት ጨው ሲያስወጣ ካልሲየምም ይዞ ወደ ሽንት ይገባል። ሚጥሚጣው ጨው አለው፣ ምጥን ሽሮው ጨው አለው፣ ባለቤቴ ደግሞ ከላይ ትጨምርበታለች። ሥጋ ሲበዛ ዩሪክ አሲድ ይጨምራል፤ ጠጠርን የሚከላከለው ሲትሬትም ይቀንሳል። ሎሚ ሲትሬት ስላለው ውኃዬ ላይ እጨምቃለሁ። «ቢራ ያወርደዋል» የሚለውን ተዉት፤ ቢራም ዩሪክ አሲድ ይጨምራል።

የመጨረሻው ማስረጃ ጠጠሩ ራሱ ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወርዳል፤ ያኔ አያምልጣችሁ። እኔ በሻይ ማጥለያ ላይ እየሸናሁ በዘጠነኛው ቀን ያዝኩት። ቡናማ፣ ሻካራ፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ። ይሄ ነው እንግዲህ ጎማ ሥር ያስተኛኝ! ተመርምሮ ካልሲየም ኦክሳሌት ሆነ፤ በብዛት የሚያጋጥመውም እሱ ነው። የዩሪክ አሲድ ጠጠር ቢሆን ኖሮ በመድኃኒት ሊሟሟ ይችል ነበር። በኢንፌክሽን የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ኢንፌክሽኑ ካልታከመ ውኃ ብቻውን አይበቃም። ከቤተሰብ ጠጠር የነበረበት ካለ ለሐኪም ንገሩ። እየተመላለሰ ካስቸገረ የደም ምርመራም አለው።

ከሕመሙ ጋር ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ሽንት ከተቋረጠ፣ ውኃ እንኳ ሆድ ውስጥ አልረጋ ካለ ማጥለያ ይዛችሁ አትጠብቁ። ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮባችሁ ውኃ ቀንሱ የተባላችሁም በኔ ልክ አትጠጡ።

ባለቤቴ አዲስ ማጥለያ ገዛች፤ አሮጌው የኔ ነው፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ አለ። ከአዋሽ እስከ ሚሌ አራት ጊዜ እቆማለሁ። ረዳቴ ይቆጥራል። አምስተኛ ከሆነ «ጋሼ፣ ዛሬስ ጋላፊ እንገባለን?» ይለኛል።