አሜሪካ በቤተሰብ ኢንሹራንስ የምትታከሙ፣ ሚስጥራችሁ ቤት እንዳይገባ እንዲህ አድርጉ

እስከ 26 ዓመት በወላጅ ኢንሹራንስ መታከም ይቻላል፣ በባል ወይ በሚስት ኢንሹራንስ የሚታከመውም ብዙ ነው፣ ስለዚህ ይሄን ሁሉም ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ሐኪሙ ሚስጥር ቢጠብቅም ኢንሹራንሱ ቤት ድረስ ወረቀት ይልካል። ኢኦቢ ይሉታል፣ ቢል ይመስላል ግን አይደለም፣ ማን ታከመ፣ የት፣ መቼ፣ ለምን አገልግሎት፣ ስንት ተከፈለ የሚለውን ይዘረዝራል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚላከው ኢንሹራንሱ በስሙ ለሆነው ሰው ነው። እናት ፖስታውን ቀድዳ የልጇን ስም፣ ከሥሩ "ሳይኮቴራፒ 45 ደቂቃ" የሚል ስታይ ቤት ውስጥ የሚመጣውን ጥያቄ ታውቁታላችሁ፣ ልጅቷ ሁለተኛ ሳትሄድ ትቀራለች፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

ከቀጠሮው በፊት ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር ደውሉና "ኮንፊደንሻል ኮሚዩኒኬሽን ሪኩዌስት" ፎርም እፈልጋለሁ በሉ። ወረቀቱ በሌላ አድራሻ ወይ በራሳችሁ ኢሜይል እንዲመጣ ትጽፋላችሁ። ሂፓ (HIPAA) በሚባለው የ1996 የጤና መረጃ ሚስጥር ሕግ መሠረት መረጃው ቢወጣ አደጋ ላይ ሊጥለኝ ይችላል ካላችሁ ኢንሹራንሱ ምክንያታዊ ጥያቄያችሁን መቀበል አለበት፣ ስለዚህ ያ ዓረፍተ ነገር ፎርሙ ላይ አይቅር። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ እንደ አእምሮ ጤናና የወሊድ መከላከያ ላሉ ሕክምናዎች እሱንም ማለት አይጠበቅባችሁም። ክሊኒኩ ጋም ተመሳሳይ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል፣ እነሱ ለምን ብለው መጠየቅ አይችሉም። ተቀብለናል የሚል መልስ በእጃችሁ እስኪገባ ግን አለቀ አትበሉ።

ገንዘቡ ካላችሁ ሌላም መንገድ አለ፣ ሙሉውን ከኪሳችሁ ከፍላችሁ "ለኢንሹራንሴ እንዳትልኩ" ብላችሁ ለክሊኒኩ በጽሑፍ ስጧቸው፣ ሕጉ እንዲቀበሉ ያስገድዳቸዋል። ላቦራቶሪውና ፋርማሲው ግን ለብቻቸው ቢል ስለሚያደርጉ ለነሱም ለየብቻ ንገሩ፣ ብዙ ሰው የሚጋለጠው እዚህ ጋ ነው።

ፖርታል ላይ፣ ማለትም የሕክምና መዝገባችሁን ኦንላይን የምታዩበት፣ ማይቻርትም ሆነ ሌላ፣ ፕሮክሲ (ሌላ ሰው መዝገባችሁን እንዲያይ የሚፈቅደው) የሚለውን ገብታችሁ እዩ፣ ልጅ እያላችሁ የተከፈተ የወላጅ አክሰስ እዛው ካለ አጥፉት፣ ፓስወርዱንም ቀይሩ።

አስተርጓሚ የምትፈልጉ ደግሞ ልጃችሁን ወይ ጎረቤት ይዛችሁ አትሂዱ እባካችሁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ክሊኒክ በነጻ ማቅረብ አለበት። ኮሚኒቲያችን ትንሽ ስለሆነች የማውቀው ሰው ይመጣል ብላችሁ ከፈራችሁ በስልክ ይሁንልኝ በሉ፣ ድምፁን ካወቃችሁት ሌላ ይቀየርልኝ ማለት ነውር የለውም።

አፕ ላይ ጥንቃቄ አብዙ፣ ምክንያቱም ስልካችሁ ላይ የጫናችሁት የወር አበባ ወይ የመድኃኒት ዋጋ አፕ አብዛኛውን ጊዜ ሂፓ አይነካውም። የመድኃኒት ዋጋ አፕ የሆነው ጉድ አርኤክስ (GoodRx) የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለጉግል አሳልፏል ተብሎ በ2023 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የምርመራ ውጤት እንዲህ ያለ ቦታ አትጻፉ።

ክሊኒኩ ወይ ኢንሹራንሱ ሚስጥራችሁን ካወጣ ለጤና ሚኒስቴሩ የሲቪል ራይትስ ቢሮ ኦንላይን ክሰሱ፣ በነጻ ነው፣ ጠበቃ አያስፈልግም፣ ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ስላላችሁ ፖስታውንና ደብዳቤውን አትጣሉ።