ኤም ኤስ ያለበት ሰው ስፖርት እንዴት ይሥራ?

መልቲፕል ስክሌሮሲስ (ኤም ኤስ) የተባለው የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ነርቮች ሕመም ላለበት ሰው ድሮ የሚሰጠው ምክር "አርፈህ ተቀመጥ" ነበር። ስፖርት አቅሙን ይጨርሰዋል፣ በሽታውንም ይቀሰቅስበታል ተብሎ ይፈራ ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሕመሙ ያለባቸውን ሰዎች ለ15 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ስፖርት አሠርተው ያገኙትን አሳተሙ። የሰዎቹ ትንፋሽና ጉልበት ጨመረ እንጂ የአካል ጉዳታቸው አልባሰም። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶችም ይህንኑ አጠናከሩት።

ስፖርት ኤም ኤስን አያድንም፣ መድኃኒቱንም አይተካም። ግን ከወንበር ሲነሱ፣ ደረጃ ሲወጡ፣ ሲራመዱ ልዩነቱ ይታወቃል። እኔም ከዚህ በሽታ ጋር ነው የምኖረው። ስለዚህ ነገሩን ከልቤ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ። ኤም ኤስን የሚያውቅ ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ካገኛችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ።

ቀጥሎ መነሻችሁን እወቁ። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፉና ተቀመጡ። አምስት ጊዜ ተነስታችሁ ስትቀመጡ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀባችሁ ጻፉት። ጫማችሁንም ገልብጣችሁ እዩ። የአንደኛው አፍንጫ ከሌላው ቀድሞ ካለቀ ያ እግር መሬት እየጎተተ ነው ማለት ነው። የኔ ግራ ጫማ ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ይላጫል። እንዲህ ከሆነ ረጅም የእግር ጉዞ ለጀማሪ አይመከርም፤ ድካም ሲመጣ ጣቶቹ ይበልጥ ይወርዱና መሬት ይይዛሉ። ቋሚ ብስክሌት ይሻላል።

ምን ያህል እንሥራ? ቀላልና መካከለኛ ጉዳት ላለባቸው አዋቂዎች በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የካናዳ መመሪያ በሳምንት ሁለት ጊዜ 30 ደቂቃ ትንፋሽ የሚጨምር እንቅስቃሴ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ የጡንቻ ማጠንከሪያ ይላል። ይህ መድረሻችሁ ነው። ስትጀምሩ አሥር ደቂቃም ይበቃል። መጠኑን በወሬ ለኩት፤ እየሠራችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ ልክ ናችሁ።

ሙቀቱን እንዴት እንቋቋመው?

ብዙ ሰው ስፖርቱን እርግፍ አድርጎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ሰውነት ሲሞቅ ዓይን ይደበዝዛል፣ እግር ይከብዳል፣ መደንዘዙ ይብሳል። "በሽታው ተነሳብኝ" ብሎ መደንገጥ ያለ ነው። እኔም ብስክሌት ላይ እንዳለሁ አንድ ዓይኔ ጭጋግ ሲለብስብኝ ክፉኛ ደንግጫለሁ። ወርጄ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ተቀመጥኩ፣ እርጥብ ፎጣ አንገቴ ላይ አደረግኩ። ብዙም ሳይቆይ ጭጋጉ ገፈፈልኝ።

ይህን ነገር ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም በ1890 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኤም ኤስ የነርቮችን ሽፋን ይጎዳል። ልባሱ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ በሉት። እንዲህ ያለው ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው በጭንቅ ነው፤ የሰውነት ሙቀት ግማሽ ዲግሪ እንኳ ሲጨምር ሊያቆም ይችላል። ስንቀዘቅዝ መልእክቱ ይመለሳል። ሙቀቱ አዲስ ጉዳት አላደረሰም። ይህን ማወቅ ፍርሃቱን ግማሽ በግማሽ ያቀለዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጠዋት ሥሩ፣ የሰውነት ሙቀት ያኔ ዝቅ ያለ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ቀዝቃዛ ውሃ ጠጡ ወይም ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ታጠቡ። የአየር ማራገቢያውን ወደ ፊታችሁ አዙሩት። ሦስት ደቂቃ ሠርታችሁ ሁለት ደቂቃ እረፉ፤ ሳያቋርጡ ከመሥራት ይህ በጣም ይሻላል። ዋና ከወደዳችሁ የገንዳው ውሃ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። ሳውናና ስቲም ግን ይቅርባችሁ። በረዶ የምትጠቀሙ ከሆነ በጨርቅ ጠቅልሉት፤ የደነዘዘ ቆዳ በረዶው ሲጎዳው አይነግራችሁም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሽንት ያጣድፈኛል ብላችሁ ውሃ አትከልከሉ። ከመጀመራችሁ በፊት መጸዳጃ ቤት ግቡ፣ ለመጸዳጃ ቤቱ ቅርብ የሆነ ቦታም ምረጡ።

ሚዛንና ጉልበት

የሚዛኑን ልምምድ ሳትደክሙ በፊት አስቀድሙት። ጀርባችሁን ለግድግዳ ማዕዘን ሰጥታችሁ፣ ወንበር ፊት ለፊታችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። እግሮቻችሁን ግጠሙ፣ ቀጥሎ አንዱን ከሌላው ፊት አድርጉ። ዓይን ጨፍኖ መቆም ብቻችሁን አይሞከርም። እግሩ መሬቱን በደንብ የማይሰማው ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በዓይኑ ነው። ስለዚህ ዓይኑ ሲዘጋ በቅጽበት ሊወድቅ ይችላል።

ለጉልበት ያቺው ወንበር ትበቃለች። ቀስ ብሎ መነሳት፣ ከዚያም ይበልጥ ቀስ ብሎ መቀመጥ። ለክንድና ለጀርባ የመለጠጫ ላስቲክ ግዙ። ከ10 እስከ 15 ጊዜ ደጋግማችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ እረፉና አንድ ዙር ድገሙ። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ክብደት እኔ አልወደውም፤ ቀድሞውኑ ለሚጎተት እግር ተጨማሪ ጭነት ነው። በዊልቸር የምትንቀሳቀሱም ከዚህ አልወጣችሁም፤ በላስቲኩም ሆነ በእጅ በሚዘወር ብስክሌት ትንፋሽና ጉልበት ይሠራል።

መጨረሻ ላይ ባታችሁንና የኋላ ጭናችሁን ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። በድንገት አትሳቡት፣ የተወጠረው ጡንቻ ይባስ ይኮማተራል።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ራሳችሁን ጠይቁ። ከመሥራታችሁ በፊት ከነበረው ይበልጥ ደክሟችኋል? እንግዲያው በዝቷል፣ በሚቀጥለው ቀንሱ። ወገቤን ይዞኛል፣ ጡንቻዬ ዝሏል ማለት ግን ማንም ስፖርተኛ የሚለው ነው።

አዲስ ምልክት መጥቶ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ትኩሳትም ኢንፌክሽንም ከሌለ፣ ይህ ግርሻ ሊሆን ይችላል። ስፖርቱን አቁማችሁ ለሐኪማችሁ ደውሉ። ተፈቅዶላችሁ ስትመለሱ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ። በግማሹ ጀምሩና የሁለት ሰዓቷን ጥያቄ ያለችግር ስታልፉ ብቻ ጨምሩ።